መንጋ የሌላቸው ውሾች

«ኧረ የሰው ያለህ! የሰው ያለህ!»

ፍራሽ ሰፊዋ ጩኸቱን ስትሰማ ፊቷን በሳሙና እየታጠበች ነበር። ሳትለቃለቅ በሩን ከፍታ ወጣች። ትራስ ያዘዘቻት አስተማሪ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ለጥፋ የእጅ ጋሪው ላይ ቆማለች። ከጋሪው ሥር ጥጃ የሚያህሉ ሁለት ነጭ ውሾች አሉ። አንዱ ተጋድሞ ያዛጋል። ሌላዋ ቆማ ሰፈሩ እስኪናወጥ ትጮኻለች።

ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር። እሷ ግን ለድንጋጤ የሚሆን አቅም እንኳን አልተረፋትም። የሰው ፍራሽ ስትሰፋ ስንት ዓመት ጎንበስ እንዳለች ወገቧ ያውቃል።

«እዚያው ይቆዩ፣ መጣሁ» አለቻትና የጎረቤቷን የቆርቆሮ በር ሄዳ ደበደበች።

ሰውየው ያንን ቤት የተከራየው በቅርቡ ነው። ከአንድ የብረት አልጋና ከሁለት ውሻ በቀር ይዞት የመጣው ነገር የለም። በሩን ሲከፍት ግማሽ ጢሙን ተላጭቷል፤ ግማሹ አረፋ ነው። እሷም ሳሙናዋን ይዛ ነው የመጣችው። ሁለቱም ፊታቸው ላይ አረፋ እንደያዙ ተያዩ።

«እነዚያ ውሾች የእርስዎ ናቸው?»

«ምን አደረጉ?»

«ደንበኛዬን ጋሪ ላይ አውጥተዋታል!»

«አይናከሱም እኮ።»

«እሱን ለእሷ ይንገሯት!»

ሰውየው እንደዚያው ከነአረፋው እያነከሰ ተከተላት። አንድ ጊዜ ዝቅ አድርጎ አፏጨ። «ዳኛ! ዝምታ! ኑ ወደዚህ!»

ውሾቹ እየተንቀራፈፉ ተነሱ።

«ዝምታ የቷ ናት?» አለች ፍራሽ ሰፊዋ።

«የምትጮኸዋ።»

ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። ግን ከንፈሯን ነክሳ መለሰችው። ሰው በሳቅ የጀመረውን በምን እንደሚጨርሰው እሷ ታውቃለች።

ባሏ ነበራት። «ሥራ ላግኝና መጥቼ እወስድሻለሁ» ብሎ ሄዶ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። መጀመሪያ በር በሩን አየች። ቀጥሎ ስልኳን አየች። በመጨረሻ መርፌዋን ብቻ ማየት ጀመረች። አሁን የምትኖረው ከአባቷ እህት ጋር ነው። እግራቸውን ያማቸዋል፣ አንደበታቸው ግን ፍጹም ጤነኛ ነው።

ውሾቹ በማግስቱም መጡ። በሦስተኛውም ቀን። ሰውየው በሰንሰለት አሰራቸው፤ በጠሱት። በገመድ አሰራቸው፤ በሉት። የዕረፍት ቀኑን ሠውቶ በሁለቱ ግቢ መካከል ያለውን ግንብ ድንጋይ እየደረደረ ከፍ አደረገው። ውሾቹ በግንቡ ሲከለከሉ እንደ ጨዋ እንግዳ በመንገድ ዞረው በበር መጡ።

የሚተኙበትም ቦታ አይለወጥም። የፍራሽ መሙያው የበግ ጸጉር ከሚቀመጥበት ክፍል በር ላይ ተጋድመው የመጣውን ሁሉ ይገላምጣሉ። ፍራሽ ሰፊዋ ውሃ ደፋችባቸው። መጥረጊያ አነሳችባቸው። ዳኛ መጥረጊያውን አሸተተና ተመልሶ ተኛ።

ሰውየው መጋዘን ጠባቂ ነው። ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ ሰማያዊ ካፖርቱን እንደለበሰ ሊወስዳቸው ይመጣል።

«ይቅርታ፣ ጎረቤቴ» ይላል ገና ከበሩ። «ቀኑን ሙሉ እኔ የሰው ንብረት ስጠብቅ፣ የኔዎቹ የሰው ደንበኛ ያባርራሉ።»

አንድ ምሽት ከባድ ፍራሽ ጠረጴዛ ላይ ለማውጣት ስትታገል ደረሰ። ሳትጠይቀው ጫፉን ያዘላት። ከዚያ ወዲህ በመጣ ቁጥር አንድ ጫፍ ይይዛል። እሷ ትሰፋለች፣ እሱ ይይዛል፣ ውሾቹ ያንኮራፋሉ።

«ውሾቹ ከየት መጡ?» አለችው አንድ ቀን።

«በጎች ነበሩን። የኔና የአባቴ። አባቴ ሲሞት ጉልበቴም አብሮት የሄደ መሰለኝ፤ ብቻዬን አልቻልኩም። በጎቹን ሸጥኩ። ውሾቹን ግን... ሰው ዓይኑን አውጥቶ አይሸጥም።»

«ታዲያ አሁን ምንድን ነው የሚጠብቁት?»

«እኔም እሱን ነው የማላውቀው። ከቡችላነታቸው ጀምሮ ከበግ ጋር ተቃቅፈው ነበር የሚተኙት። ዳኛ በጎች ሲጣሉ መሃል ይገባ ነበር፤ ስሙንም ያገኘው በዚያ ነው። ዛሬ እንደኔ ሆኑ። ደክሟቸዋል፣ ግን መተኛት አይችሉም።»

ቀና ብላ አየችው። ከዓይኑ ሥር ጠቁሯል።

«እርስዎም ደክሞዎታል» አለችው።

«እርስዎስ?»

«እኔማ ካልደከመኝ ያመመኝ ይመስለኛል።»

ሳቀ። ሳቁ ዝቅ ያለ፣ ሰው የማይቀሰቅስ ሳቅ ነው። እሷም ያን ቀን ከንፈሯን አልነከሰችም።

አክስቷ ይህን ሁሉ አልጋቸው ላይ ተጋድመው ይከታተላሉ።

«ውሾቹ የሚመጡት በጠዋት ነው» አሉ። «ጌታቸው የሚመጣው በማታ ነው። አንቺ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ጸጉርሽን መበጠር ጀምረሻል።»

«እትዬ!»

«ምን አልኩ? ስለ ውሻ ነው ያወራሁት።»

ፍራሽ ሰፊዋ ፈራች። የኮቴውን ድምፅ ከሩቅ መለየት መጀመሯ አስፈራት። አንዱ እግር ጠንከር፣ ሌላው ላላ ይላል። አንዴ በር በር ሲያይ የከረመ ዓይን፣ ዳግመኛ በር ማየት ሲጀምር ለራሱ ያዝናል።

ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ትልቅ ሥራ አገኘች። የከተማው ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው አንዲት የጨርቅ ነጋዴ ለምትዳር ልጃቸው የሙሽራ ፍራሽ አዘዙ። እሳቸው ካመሰገኑ ሥራ ይጎርፋል። እሳቸው ካማረሩ ሱቅ ይዘጋል። ስለዚህ ፍራሽ ሰፊዋ ካላት ጸጉር ሁሉ ምርጡን ወሰደች። ባለፈው ወቅት፣ ጎረቤቷ ሳይመጣ በፊት፣ ከገበያ የገዛችው ነጭና ለስላሳ የበግ ጸጉር ነው። አጠበችው፣ በፀሐይ አደረቀችው፣ በእጇ አፍታታችው፣ እጅግ ተጠንቅቃ ሰፋችው።

ፍራሹ በጋሪ ተጭኖ ሲሄድ ውሾቹ ተነስተው ተከተሉት። ጋሪ ገፊው ድንጋይ ቢወረውር አልተመለሱም። እንደ ሚዜ ግራና ቀኝ ሆነው እስከ ሙሽሮቹ ቤት ሸኙት። ፍራሹ መኝታ ቤት ሲገባ በሩ ላይ ተጋደሙ።

ከሰዓት በኋላ ሙሽራው ከሥራ መጣ። ገና የመኝታ ቤቱን እጀታ ሲነካ ዝምታ ተነሳችበት። ሰውየው ኮሪደሩን በሩጫ ጨረሰው።

«ገና ሳላገባ ተባረርኩ!» እያለ ደጅ ቆመ። ጎረቤት በሳቅ ፈረሰ። ነጋዴዋ ግን አልሳቁም።

ፍራሽ ሰፊዋ ተጠርታ እየሮጠች ደረሰች። ብትጎትት፣ ብትለምን የሚሰማት ውሻ አልተገኘም። በመጨረሻ ጎረቤቷን ከመጋዘኑ አስጠሩት። ሥራውን ለባልደረባው አደራ ብሎ፣ በታመመ ጉልበቱ እየሮጠ፣ ላብ በላብ ሆኖ መጣ።

«ይህን ፍራሽሽን ከነአውሬዎችሽ ውሰጂልኝ!» አሉ ነጋዴዋ ሰው ሁሉ ፊት። «ለልጄ አልጋ ያዘዝኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ወጥመድ ነው ያዘዝኩት!»

እሱ ውሾቹን አረጋግቶ አስወጣቸው። ከዚያ ተመልሶ ፍራሹ አጠገብ ተንበረከከ። በግርግሩ አንድ ጥግ ላይ ስፌቱ ተፈትቶ ጸጉር ብቅ ብሏል። ቆንጠር አድርጎ በጣቶቹ መካከል አሸው። አሸተተው። ፊቱ ተለወጠ።

ፍራሽ ሰፊዋ ያየችው ሌላ ነገር ነው። በእሱ ውሾች ሰበብ አገር ሲስቅባት፣ እሱ ደግሞ የስፌቷን እንከን የሚመረምር መሰላት።

«በቃኝ!» ብላ ጮኸች። «ዳግመኛ በደጄ እንዳላያቸው! እርስዎንም ጭምር!»

ቀና ብሎ አያት።

«እሺ» አለ ቀስ ብሎ። «አያዩንም።»

ፍራሹ በመጣበት ጋሪ ተመለሰ።

በማግስቱ ጠዋት ደጁ ጭር አለ። በማግስቱም ማግስት እንዲሁ። አስተማሪዋ ትራሷን ለመውሰድ መጥታ መጀመሪያ ጋሪውን አየች፣ ከዚያ ግራ ቀኝ አየች። «ዛሬ የሉም?» አለች፤ ቅር ያላት ይመስላል።

«የሉም» አለች ፍራሽ ሰፊዋ።

የምትፈልገው ይኸው ነበር። ግን ሲመሽ ጆሮዋ ሳትፈልግ ወደ መንገዱ ያዘነብላል። አንዱ ጠንከር፣ አንዱ ላላ የሚል ኮቴ የለም። የሄደ ሰው መጠበቅ እንደገና ጀመራት። በገዛ አፏ ያባረረችውን ሰው!

ሥራ ይሻላል ብላ የተመለሰውን ፍራሽ ልትፈታው ተቀመጠች። ሆዱን ቀድዳ ጸጉሩን ስታወጣ እጇ ላይ ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ሸካራ ነጭ ጸጉር መጣ። የበግ አይደለም፣ የውሻ ነው።

«ይኸው! እዚህም ውስጥ ገብተዋል» አለች ተናድዳ። «በራፉ ላይ ሲንከባለሉ...»

ንግግሯን አልጨረሰችውም። ከዚያው ገበያ፣ ከዚያው ነጋዴ የገዛችው ሌላ ጆንያ ክፍሉ ውስጥ አለ። አፉ በሽቦ እንደተሰፋ፣ አንድም ቀን ሳይከፈት የተቀመጠ ነው። ተነሳች። ሽቦውን ቆረጠች። እጇን እስከ ትከሻዋ ከትታ ከመሃሉ ጭብጥ አድርጋ አወጣች። ገና ያልታጠበው የበግ ጸጉር ውስጥ ያው ረጅም፣ ሸካራ ጸጉር ተጠላልፏል። ውሾቹ እዚህ ግቢ ሳይደርሱ በፊት የገባ ነው። ከበጎቹ ጋር ተቃቅፈው ሲተኙ የገባ ነው።

መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«እትዬ... ውሾቹ ሊያስቸግሩኝ አልነበረም የመጡት።»

«ታዲያ ምን ሊያደርጉ?»

«በጎቻቸው እዚህ ናቸው። አሽትተው አግኝተዋቸው ነው። ይሄ ሁሉ የሱ መንጋ ጸጉር ነው።»

«ወይ ጉድ!» አሉ አክስቷ። «ፍራሽ ሲጠብቁ ከረሙ!» ሊስቁ ጀምረው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

ፍራሽ ሰፊዋ ጭብጡን በመሃረቧ ቋጥራ ወደ መጋዘኑ ሄደች። ጎረቤቷ በሩ ላይ ተቀምጧል። የሰው ጥላ ሲያይ፣ ቀና ሳይል፣ ከልማድ ጠየቀ።

«ማንን ፈልገው ነው?»

«እርስዎን።»

ብድግ አለ። መሃረቡን ፈታችለት። አላሸተተውም። በጣቱ ዳሰሰው ብቻ።

«ያውቁ ነበር?» አለችው።

«ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ከፍራሹ ሳወጣው። የአባቴ ካፖርት ሽታ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? ለምን እንደዚያ ስጮህ ዝም አሉኝ?»

«ደክሞዎት ነበር» አለ። «የደከመ ሰው ላይ ምክንያት አይጫንም።»

«የት ናቸው አሁን?»

«በጎቹን ለገዛው ሰው ሰጠኋቸው፣ በዚያው ዕለት ማታ። ሩቅ ነው። ቢሆንም መንጋ አለው። እኔ ጋ ምን አላቸው?»

ዘግይታለች። ፀሐይ ላይ ቆማ እንባዋ መጣ።

«በቃኝ ያልኩት... እርስዎን አልነበረም።»

«እርስዎንም ጭምር ብለዋል።»

«ብያለሁ» አለች። መካድ አታውቅበትም። «ብያለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔማ ገና ሲሉት ነው ይቅር ያልኩት» አለ። የጭነት መኪና ጥሩምባ ነፋ። በሩን ሊከፍት እያነከሰ ሄደ።

ቤቷ ስትመለስ የፍራሹንም የጆንያውንም ጸጉር ደባለቀች፤ አጥባ፣ አድርቃ፣ አፍታታ ለሁለት ከፈለችው። አንዱን ለእሱ ሰፋች። ሌላውን ለራሷ። ለሰው ሁሉ ስትሰፋ የኖረች ሴት እሷ የምትተኛው መሃሉ በጎደጎደ ፍራሽ ላይ ነበር። አክስቷ መርፌው ላይ ክር እያስገቡ ያቀብሏታል።

የእሱን ደጁ ድረስ አደረሰችለት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የእርስዎው ነው። እኔ የሰፋሁት ብቻ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት በሯን አንኳኳ። ጸጉሩ ቆሟል፣ የካፖርቱ ቁልፍ ተዛንፏል።

«አባቴ ከሞተ ወዲህ እንደዚህ ተኝቼ አላውቅም» አለ። «ሥራ አርፍጃለሁ!» ብሏት ሮጠ። ይህን ለመንገር ብሎ ይበልጥ ማርፈዱን መንገድ ላይ ሳለ ሳያስበው አልቀረም።

ከዚያ ዝናቡ ገባ። አንድ እርጥብ ጠዋት ፍራሽ ሰፊዋ በሯን ስትከፍት ዳኛ ደፉ ላይ ተዘርግቷል። ጭቃ ለብሷል፣ የጎድን አጥንቱ ይታያል፣ መዳፉ ቆስሏል። ከግንቡ ማዶ ደግሞ የዝምታ ጩኸት ተሰማ። ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው ተመልሰው መጥተዋል።

ዳኛ አጠገብ ጭቃው ላይ ተንበረከከች። «ይቅርታ» አለችው። «ይቅርታ የኔ ጌታ። አላወቅኩም ነበር።» ቁስሉን አጠበችለት። እጇን አንዴ ላሰና ዓይኑን ጨፈነ።

ግን ማረፍ አልቻሉም። ጠዋት ዳኛ እሷ ጋ፣ ዝምታ እሱ ጋ ይሆናሉ። ትንሽ ቆይተው ይቀያየራሉ። ግንቡን ይዘላሉ፣ በመንገድ ይዞራሉ፣ አንዱን ፍራሽ አሽትተው ወደ ሌላው ይሮጣሉ። ዳኛ በቆሰለ መዳፉ እየተጎተተ ሲመላለስ ማየት ራሱ ያደክማል።

አመሻሹ ላይ ዝናቡ ሲያባራ እሱ ከግንቡ ማዶ ቆመ። እሷ ከዚህኛው ወገን።

«ምን ሆነው ነው?» አለችው።

«መንጋው ተከፍሎባቸው ነው» አለ። «ግማሹ እኔ ጋ፣ ግማሹ አንቺ ጋ።»

አንቺ አላት። ሰምታለች፤ አላረመችውም።

«ደከሙ» አለች።

«ደከሙ።»

«እኔም ደክሞኛል» አለችና ድምፅዋ ተሰበረ። «ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ደከመኝ። አይመጣም ብዬ ልቤን ስቆልፍ ደግሞ ይበልጥ ደከመኝ። አንተ ስትመጣ በሩን ማየት ጀመርኩ... ፈራሁ። ያን ቀን የጮህኩት ፈርቼ ነው።»

እሱ ከግንቡ ላይ አንድ ድንጋይ አነሳ። የት እንደሚያደርገው የጠፋው ይመስል እጁ ላይ ያዘው።

«እኔ ሩቅ አልሄድም» አለ። «ብፈልግም ይሄ ጉልበት አያደርሰኝም።»

እያለቀሰች ሳቀች።

«ፍራሾቹ አንድ ቤት ቢሆኑ... እነሱም ያርፉ ነበር» አለ ድንጋዩን እያየ። «ለነሱ ስል ነው የምለው።»

«ለነሱ ብቻ?»

ቀና ብሎ ዓይኗን አየ።

«ለኔ ስል ነው። እወድሻለሁ። ከዚያ ከአረፋሽ ቀን ጀምሮ። አግቢኝ።»

ከመስኮቱ የአክስቷ ድምፅ ወጣ። «ኧረ እሺ በይው! ውሾቹን በምልልስ ልትጨርሱ ነው እንዴ?»

«እሺ» አለች።

«ለእሳቸው ነው ወይስ ለኔ?»

«ለአንተ» አለች። «ለአንተ ነው እሺ ያልኩት።»

ድንጋዩን መሬት ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ሁለተኛውን አነሳ።

ሰርጋቸው ትንሽ ነበር። የተባረረው ሙሽራ ወሬውን ሰምቶ ሚስቱን ይዞ መጣ፤ ሲስቅ ዋለ። «አማቴን ለኔ ተያቸው፣ ከሌላ በግ ጸጉር ስፊልን» ብሎ ሥራውን መልሶ ሰጣት። ነጋዴዋም ስጦታ የሚሆን ጨርቅ ላኩ፤ እሳቸው ግን አልመጡም።

በሳምንቱ ፍራሽ ሰፊዋ ሁለቱን ፍራሾች ፈታች። ባሏ አንድ ጫፍ ያዘላት፤ እሷ ሰፋች። ግንቡ በነበረበት ቦታ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንድ ሰፊ ፍራሽ ተዘረጋ። የመጨረሻውን ክር ስትቋጥር ዳኛና ዝምታ መጡ። ከጥግ እስከ ጥግ አሸተቱት፣ ምንም አልጎደለም። ዳኛ በራስጌ፣ ዝምታ በግርጌ ተጋደሙ። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

«እስቲ ለአፍታ ጎኔን ላሳርፍ» አለች ፍራሽ ሰፊዋ። መርፌው ጣቷ ላይ እንዳለ ተኛች። ባሏ መርፌውን ቀስ አድርጎ ወሰደና ሰማያዊውን ካፖርት አለበሳት። አጠገቧ ተቀመጠ።

ትንሽ ቆይቶ አስተማሪዋ ሁለተኛ ትራስ ልታዝ መጣች። ውሾቹን ስታይ ዓይኗ ወደ ጋሪው ሮጠ።

«አይናከሱም» አላት በሹክሹክታ።

«ፍራሽ ሰፊዋ የለችም?»

«አለች። ተኝታለች። ነገ ይምጡ።»

አስተማሪዋ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች። ኮቴዋን ሳታሰማ በሩን ከፍታ ወጣች፤ ዝምታም አልጮኸችም።